ከግድግዳው ወዲያ የሚሰማ ማጀቢያ

ሐይቅ፣ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለም፣ ለአሪፋ፤

አሰላሙ ዐለይኪ ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ሰላምታዬ ካለሽበት በጤና ያግኝሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የእማ ጉልበት ተሽሎታል፤ ለፈጅር ሶላት ግድግዳ ሳትይዝ መነሳት ጀምራለች። በልጉ ዘግይቶ ቢመጣም መጥቷል። ሐይቁ ዘንድሮ ሞልቶ የጎረቤቶቻችንን ሸንኮራ እስከ ግማሽ ድረስ በልቶታል፤ እማ ግን «ወስዶ የሚመልስ ውሃ ነው» እያለች ታጽናናቸዋለች።

ይህን ወረቀት ወደ ሪያድ ስትመለስ የምታደርስሽ ኢቲሳም ናት። በስልክ ለምን እንዳልጻፍኩልሽ ስታነቢው ይገባሻል። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ሦስቱም ላይ ስለ እማና ስለ ዝናብ ጽፌ «እኔም ደህና ነኝ» ብዬ ልዘጋው ስል እጄ እምቢ አለኝ።

እታለም፣ ጆሮ ዳኛ እኔ ነኝ።

እንደምታውቂው አውቃለሁ። ግን ከእኔ አፍ መስማት አለብሽ። የማታውቂውም ክፍል ስላለው ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

የፊልም ማጀቢያ ወዳጆች ብለን ቴሌግራም ላይ ቡድኑን ስንከፍት ዘጠኝ ነበርን። አንቺ ስትገቢ ከአራት መቶ አልፈን ነበር። የፊልሙን ታሪክ ትቶ ከታሪኩ ሥር የሚሄደውን ሙዚቃ የሚወድ ሰው እዚህ አገር ያን ያህል ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም። ሐሙስ ሐሙስ ተራ አለን፤ ባለተራው ምን እንደሚሰማ፣ የት ሆኖ እንደሚሰማ፣ ለምን እንደወደደው ይጽፋል። አብዱልመናን ባጃጁ ውስጥ የጦርነት ፊልም ከበሮ ይከፍታል፤ «ተሳፋሪ በዋጋ አይከራከረኝም» ይላል። ፋሲካ የምትባል የደሴ ልብስ ሰፊ ደግሞ የሙሽራ ቀሚስ ስትሰፋ የምትሰማው የመለያየት ሙዚቃ ብቻ ነው። «መርፌው ቀጥ ብሎ የሚሄድልኝ ያኔ ነው» ብላ ስትጽፍ ስንት ቀን ተከራከርንባት መሰለሽ! ደግ ቤት ነበር፤ ሰው የሚወደውን ሳያፍር የሚናገርበት።

እኔ ደግሞ «ጆሮ ዳኛ» በሚል ስም ዳኛ ሆንኩ። ማንም አልሾመኝም። አንዱ የአማርኛ ፊልም ማጀቢያ ወደድኩ ሲል «አንድ ኪቦርድ ላይ የተሠራ ለቅሶ ነው» እላለሁ። ሌላው እየሠራሁ እሰማለሁ ሲል «እየሠሩ መስማት መስማት አይደለም» እላለሁ። ዓይን ጨፍኖ፣ ማዳመጫ ሰክቶ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳያቋርጡ ካልሆነ አይቆጠርም ብዬ በድምፄ ቀርጬ የላኩትን ሰምተሽዋል። ማዳመጫውንም «ከውጭ ያስመጣሁት» ብዬ ፎቶውን ለጥፌያለሁ። አንቺ በሻሽ ጠቅልለሽ በኢቲሳም እጅ የላክሽልኝን ነው እንዲያ ያልኩት።

ጥር ላይ አንድ ሐሙስ፣ «ጎረቤት» የሚል ስም ያላት ሴት ተራዋ ደረሰ። ዓረብ አገር ሰው ቤት እንደምትሠራ፣ የቱርክ ድራማውን አይታው እንደማታውቅ፣ ሙዚቃውን ከሳሎን በግድግዳ በኩል እንደምትሰማ ጻፈች። አንደኛው ዜማ አምባሰል እንደሚመስላትም ጻፈች። እዚያ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ። እስከ መጨረሻው አላነበብኩትም፣ ወላሂ። የመለስኩትን ግን እስከ መጨረሻው አስታውሰዋለሁ፦

«ፊልሙን ሳያዩ ስለ ማጀቢያ ማውራት፣ ወጡን ሳይቀምሱ ድስቱን አጥቦ ስለ ወጡ ማውራት ነው። የቱርክን ኦርኬስትራ አምባሰል ያልሽው እህቴ፣ መጀመሪያ ሳሎን ግቢ፤ ከዚያ እንነጋገራለን።»

ሳቁ ጎረፈ። በማግስቱ ጽሑፉም ስሟም የለም። «ጆሮ ዳኛ ፈረደ» አሉኝ። እኔም ደስ አለኝ። ይህን ስጽፍልሽ ፊቴ ይቃጠላል፤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ራሴን ስጠይቅ ከርሜያለሁ። ነገሩ የሙዚቃ አይደለም። ትምህርት ቤት፣ ስታፍ ክፍል ውስጥ፣ እህትህ ሪያድ ምን ትሠራለች ሲሉኝ «ሆስፒታል ናት፣ ላብራቶሪ» ብያለሁ። አንድ ቀን አምልጦኝ አይደለም፤ አራት ዓመት ሙሉ ነው። የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፣ ከረባት አስሬ ክፍል እገባለሁ፤ ያስተማረችኝ እህቴ የሰው ቤት ልብስ ትተኩሳለች ማለት ከበደኝ። ስለዚህ ያቺ «ጎረቤት» የምትባል ሴት ሰው ቤት እሠራለሁ ብላ ሳትሸማቀቅ ስትጽፍ፣ እኔ የደበቅኩትን አደባባይ ያወጣችብኝ መሰለኝ። ዝም ላሰኛት ፈለግኩ። አሰኘኋት።

ሚያዝያ ላይ ኢቲሳም ለእረፍት መጣች። እማን ልትጠይቅ ቤት ገብታ፣ ስትወጣ እስከ በር ሸኘኋት። በሩ ላይ ቆመችና፦

«ሙንተሲር፣ አሪፋ ለምን እንደማትደውልልህ ታውቃለህ?» አለችኝ።

«ሥራ በዝቶባት ይሆናል።»

«ለእማ በየጁምዓው ትደውል የለ?»

ፊቴን ወደ ግቢው አዞርኩ፤ እሷ ግን ቀጠለች፦

«ያን ቡድን የገባችው ድምፅህን ሰምታ ነው። አንድ ቀን ስልኳን ጆሮዬ ላይ ለጥፋ ‹ስሚው፣ ወንድሜ ነው፤ እንዴት አድርጎ እንደሚናገር ስሚው› አለችኝ። አንተ ስለምትወደው ነገር ልታወራህ ነበር የፈለገችው። ስትደውልልህ የምታወራት ስለምታሠራው ክፍል ቆርቆሮና ስለ እማ መድኃኒት ብቻ ነዋ! ያን ጽሑፍ ሳምንት ሙሉ ነው የጻፈችው። ስትወድላት ማንነቷን ነግራ ልታስደንቅህ ነበር።»

«አለቀሰች?»

«አላለቀሰችም። ‹እኔ መሆኔን አላወቀም› አለች። ቆይታ ደግሞ ‹ለማያውቃት ሴት ግን እንዲህ ብሎ ይመልሳል ማለት ነው› አለች። ከዚያ ወዲህ ስምህን ስትጠራ አልሰማኋትም።»

እታለም፣ ብታለቅሺ ይሻለኝ ነበር። ያቺ ሁለተኛዋ ቃልሽ ናት የያዘችኝ። ስላላወቅኩሽ ጥፋቱ ይቀልልኛል ብዬ ስፈልግ የነበረውን ማምለጫ ቀድመሽ ዘግተሽዋል።

የጻፍሽውን ልፈልገው ተነሳሁ፤ አጥፍተሽዋል። ያን ዕለት ካልሳቁት ውስጥ አንድ ሽማግሌ ትዝ አሉኝ፤ ጋሽ አሻግሬ ይባላሉ፣ ውጫሌ ነው የሚኖሩት። «ልጆች አታሹፉ፣ ይህን እኔ ደብተሬ ላይ ገልብጨዋለሁ» ብለው ነበር፤ ማንም አልመለሰላቸውም። ቅዳሜ ዕለት ሚኒባስ ይዤ ወረድኩ። ቤታቸው ከገበያው ጀርባ ነው። በረንዳ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከቡድኑ ነኝ ስላቸው ደስታቸው ልክ አጣ፤ ስሜን እንኳ ሳይጠይቁ ደብተሩን አስመጡ። ዓይናቸውን ሞራ እየጋረደው ነው፤ ያኔ በትልልቁ የገለበጡትን አሁን ራሳቸው ማንበብ አቅቷቸዋል።

«እንኳን መጣህ፣ አንብብልኝ» አሉኝ።

የአንቺን ቃል በእኔ ድምፅ አነበብኩት። እንዲህ ነበር፦

«የምሠራበት ቤት ሳሎኑና ልብስ የምተኩስበት ክፍል የሚገናኙት በአንድ ግድግዳ ነው። ከአስር ሶላት በኋላ እመቤቲቱ የቱርክ ድራማ ትከፍታለች። ንግግሩ በግድግዳው አያልፍም፣ ሙዚቃው ግን ያልፋል። ስድስት ዓመት አንድም ፊት ሳላይ ስንት ሰው ሲጋባ፣ ስንት ሰው ሲሞት ሰምቻለሁ። ክራር የሚመስለው ነገር ብቻውን ሲመጣ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ እያሰበ ነው እላለሁ። ቫዮሊኖቹ አንድ ላይ ሲነሱ በር ተከፍቷል፣ የጠፋው ሰው መጥቷል እላለሁ። ልክ ልሁን አልሁን አላውቅም፤ የሚነግረኝ የለም። አንድ ዜማ ግን አለ። ሲመጣ ካውያውን አቆማለሁ። አምባሰል ይመስለኛል። ያቀናበረው ሰው አገራችንን እንደማያውቅ አውቃለሁ። ግን ወንድሜ ልጅ ሆኖ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በአርዲቦ መንገድ የሚያፏጨው እንደዚያ ነበር። በፉጨቱ ስንት እርምጃ እንደቀረው አውቅ ነበር። ያ ዜማ ሲመጣ ሳሎን ውስጥ ማን እንደሚገባ አላውቅም፤ ወደ እኔ የሚገባው ግን እሱ ነው።»

የመጨረሻዎቹን መስመሮች ያኔ አላየኋቸውም ነበር። የመጨረሻዋን መስመር ሁለት ጊዜ አነበብኳት።

«ቀጥል እንጂ» አሉኝ ጋሽ አሻግሬ።

«አልቋል ጋሼ።»

«ምነው ልጄ፣ ታውቃታለህ?»

«እህቴ ናት።»

«የመለሰላትስ ሰውዬ?»

«እኔ ነኝ።»

ከቤት አላስወጡኝም። ቢያስወጡኝ ይቀለኝ ነበር። ደብተሩን ከእጄ ቀስ ብለው ወስደው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«እኔ ደሴ ሲኒማ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት የፊልም ማሽን ላይ ሠርቻለሁ» አሉ። «ሰው ፊልም አሳዪ ሲባል ፊልም የሚያይ ይመስለዋል። እኔ ያለሁት ከጀርባ፣ ከግድግዳ ወዲያ ነው። መስኮቴ መዳፍ አታህልም። ማሽኑ እየጮኸ፣ ሪል እየቀየርኩ፣ ለእኔ የሚደርሰኝ ሙዚቃው ብቻ ነበር። ያን ሰምቼ ነው ሕዝቡ መቼ እንደሚያለቅስ የማውቀው። እሷን ሳሎን ግቢ ስትላት እኔንም ነው ያልከኝ።»

«ጋሼ፣ ይቅር በሉኝ።»

«የእኔን ይቅር ብያለሁ። የእሷን ግን እኔ ልሰጥህ አልችልም፤ የእኔ አይደለማ።»

ገልብጬ ልውሰደው ብዬ ለመንኳቸው። ፈቀዱልኝ። እየገለበጥኩ ሳለ ያዩኝ ነበር፤ አያዩኝም ይሆናል፣ ዓይናቸው ደክሟል፤ እኔ ግን እንደታየሁ ነው የተሰማኝ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ተራዬ ባይሆንም ቡድኑ ላይ ጻፍኩ። ስሜን ጻፍኩ፤ እህቴ መሆንሽን፣ ሰው ቤት እንደምትሠሪ፣ ማዳመጫውን የላክሽልኝ አንቺ እንደሆንሽ፣ ጽሑፍሽን ሳልጨርስ እንዳፌዝኩበት ጻፍኩ። ያንቺን ቃል ግን ሳትፈቅጂ መልሼ አልለጠፍኩትም፤ አንቺ ያጠፋሽውን እኔ ማውጣት አልችልም። ጥቂቶች ስድብ ላኩልኝ፤ ይገባኛል። ፋሲካ «እኔም ስቄባት ነበር» ብላ ብቻ ጻፈች። ከዚያ ቡድኑን ለቀቅኩ። ቅጣት ብዬ አይደለም፤ ሰው የሚወደውን በነጻነት እንዲናገር እኔ ባልኖር ይሻላል ብዬ ነው።

ስታፍ ክፍልም ነገርኳቸው። ይኸኛው ከበደኝ። ፈንታሁን የሚባል የሒሳብ መምህር አለ፣ ሁሌ ስለ አንቺ ይጠይቀኛል። «የላብራቶሪዋ እህትህስ?» ሲለኝ፣ «ላብራቶሪ የሚባል የለም፤ ዋሽቼህ ነው። ሰው ቤት ነው የምትሠራው፣ እኔን ያስተማረችኝም በዚያው ሥራ ነው» አልኩት። ሌሎቹም የሰሙ ይመስለኛል። ድፍረት እንዳይመስልሽ። ከአራት ዓመት በኋላ የተነገረ እውነት ድፍረት አይባልም።

ትናንት እማ ወረቀቱን አየችብኝ። «ለአሪፋ ምን እያልክ ነው የምትጽፈው?» አለችኝ። ሁሉንም ነገርኳት። ሻሿን አስተካከለች። ከዚያ፦

«እኔስ?» አለች። «አንተ ሆስፒታል ናት ስትል ሰምቼ እኔም በየለቅሶው፣ በየሠርጉ ሆስፒታል ናት ብያለሁ። በየጁምዓው ስትደውል እጇን ካውያ እንዳቃጠላት እየነገረችኝ፣ ስልኩን ዘግቼ ለጎረቤት ነጭ ጋውን አለብሳት ነበር። የወለድኳትን ልጅ አፈርኩባት። አሪፋ እኔንም አፉ ትበለኝ ብላለች ብለህ ጻፍ።»

ይኸው ጽፌዋለሁ።

እታለም፣ እኔንም አፉ በይኝ። አሁኑኑ አላልኩሽም፤ መልሽልኝም አላልኩሽም። ሲቀልሽ፣ ልብሽ ሲፈቅድ። የጋሽ አሻግሬን ስልክ ከወረቀቱ ጀርባ ጽፌልሻለሁ፤ በግድግዳ በኩል ምን እንደሰማሽ የሚጠብቁ ሰው ናቸው፣ ብትደውዪላቸው ልባቸው ይሞላል። ከእኔ ይልቅ ለእሳቸው ብትነግሪያቸው ቅር አይለኝም።

አንድ ነገር ቀረኝ። አንቺ ስትመለሺ ልትኖሪባት ያሠራሻት ክፍል ውስጥ የምተኛው እኔ ነበርኩ፤ ማንም ሂድና ተኛባት አላለኝም። ሰኞ አልጋዬንና መጻሕፍቴን ወደ ድሮው ቤት አወጣሁ። ግድግዳውን እኔ ራሴ ነጭ ቀባሁት፤ መስኮቷ ወደ ሐይቁ ስለሆነች ጠዋት ፀሐይ እስከ አልጋው ራስጌ ይደርሳል። እማ አዲስ ፍራሽ አስገብታ ቆልፋታለች። ቁልፉን አንገቷ ላይ አስራ ነው የምትሰግደው፤ ለማንም አትሰጥም።

አላህ በሰው አገር ከክፉ ይጠብቅሽ፤ እጅሽን ይባርክልሽ፤ ድካምሽን በጀነት ይካስልሽ። አሚን።

ወንድምሽ
ሙንተሲር