ወረፋ ላይ የተወለደው ቅድመ አያቴ

ጥር 13/2006፣ ከሥራ መልስ

ዳዊት እኔን ለማግባት የላካቸው ሽማግሌዎች ዛሬም ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ወርቁ በሚባል ሰው ምክንያት። ጋሼ ተፈራ አሮጌ የሱዳን መታወቂያውን ጠረጴዛ ላይ አኖረ፦ ተፈራ በላይ ወርቁ። የዳዊት አባትም አያሌው ሞገስ ወርቁ። እንግዲህ አንድ ቅድመ አያት፣ ሰባት ቤት አልሞላም፣ ጋብቻ የለም። ኻላስ፣ አለቀ።

አባቴ ከሞተ ወዲህ በቦታው የቆመው ይሄ አጎቴ ነው። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ወረቀት ላይ ግን አይገባውም። ሻይ ያቀረብኩት እኔ፣ አንድ ቃል ያልተጠየቅኩትም እኔ።

ግን ስማኝ ደብተሬ። አባቴ በጣቴ ያስቆጥረኝ ነበር፦ አስፋው፣ በላይ፣ እንግዳ፣ ካሳ... ሰባት እስኪሞላ። ወርቁ የሚባል ጣት የለኝም።

ጥር 14

የአባቴ የጎንደር ት/ቤት ሰርተፊኬት ተገኘ። አስፋው በላይ እንግዳ። ለጋሼ አሳየሁት። አባትሽ ያኔ ልጅ ነበር፣ ምን ያውቃል አለኝ። የአንድ አባት ልጆች፣ ሁለት አያት! ዩኒቨርሲቲ ነው አፍ ያስከፈተሽ አለ። አዎ። ለዚያ ነው የተማርኩት።

ሰፈራችን አርካዊት ውስጥ ወሬው ደርሷል። ወንድሟን ልታገባ ነበር ይሉኛል።

ጥር 16፣ ቀትር

ጁምዓ። ሥራ የለም። በሀፍላ አውቶቡስ ሶባ ሰፈር ወረድኩ፣ የዳዊት እናት ጋ። እትዬ ዘነቡ ሽንኩርት ይልጣሉ። ሽማግሌዎቹ «ዝምድና ተገኘ» ብቻ ነው ያሏቸው። ወርቁን ስጠራላቸው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ባላቸው በሕይወት ሳሉ ያወሩት ነበር አሉ። ጋሼና አያሌው ድንበር አብረው የተሻገሩ ጓደኛሞች ናቸው። ካርቱም የሚቀበለው ዘመድ የነበረው አያሌው ብቻ። ገዳሪፍ ላይ በስደተኛ ወረፋ ሲመዘገቡ ጋሼ አብሮት እንዲያልፍ የአጎቱ ልጅ ነኝ አለ፣ የአያሌውን አያት ተዋሰ።

«ደም አይደለም ልጄ፣ ወረፋ ነው ያዛመዳቸው።»

ጥር 17

ለጋሼ ነገርኩት። አልካደም። በሩን ዘጋ። ሠላሳ ዓመት በዚህ ስም ተከብሬ ኖሬ ዛሬ ውሸታም ልባል? አንቺ ልጅ ነሽ፣ ሌላ ባል ይገኛል አለኝ።

ሌላ አያትም ይገኛል ጋሼ፣ እርስዎ ይችሉበታል አልኩት።

መታወቂያው የሐሰት ነው ብዬ ፖሊስ ጋ አልሄድም። ያን ያህል ክፉ አይደለሁም። ስሜን ግን ለክብሩ መሸፈኛ አላውሰውም።

ጥር 18፣ እሑድ

ሽማግሌዎቹ መጡ። የመጨረሻቸው ነው ብለዋል። ሳሎን ናቸው፣ የጋሼ ሳል ይሰማኛል። ሴት ልጅ በራሷ ሽምግልና አፏን አትከፍትም። ሻይ አምጪ ብሎ ተጣራ። ትሪውን አላነሳም። ባዶ እጄን ነው የምገባው፤ በፊታቸው ለመቁጠር ጣቶቼ ያስፈልጉኛል። አስፋው፣ በላይ፣ እንግዳ፣