ወንበር የሌለበት የፉርጎው ጥግ

ወዳጄ፣
ከመጫወቻ ጡብ የምትሠራውን የባቡር ፉርጎ ሳታይ መጀመሪያ ይህን አንብብ።

ጠዋት ከወጣህ በኋላ ላግዝህ ብዬ ነካካሁት። በሩ አጠገብ ወንበር የሌለበት ቦታ ሳይ የረሳኸው መሰለኝ። ከተረፉት ጡቦች ሁለት ወንበር ሠራሁና እንዳይነቃነቁ በማጣበቂያ አጣበቅኳቸው። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር።

ከዚያ እህትህ ደወለች።
«እውነተኛው ባቡር ላይ ለዊልቸርሽ ቦታ የለም ብለው መለሱኝ። ወንድሜ ግን በሚሠራው ፉርጎ ቦታ እተውልሻለሁ ብሎኛል። ትቶልኛል?» አለችኝ።

ስልኩን ስዘጋ ወንበሮቹን ልነቅል ታገልኩ፤ ወለሉም አብሮ ተነቀለ። መስኮቶቹና ጣሪያው ደህና ናቸው። ስብርባሪው ሳህኑ ላይ አለ፣ አንድም አልጣልኩም። የጎደለህን ደውለህ ንገረኝ፤ ከሥራ ስወጣ ገዝቼ እመጣለሁ።

ሾርባው ምድጃው ላይ ነው፣ አሙቀው።

«የልጅ ጨዋታ» እያልኩ ስቀልድብህ ለማን እንደምትሠራው አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩህም።
እሱን ስመጣ እናወራዋለን።

ለእህትህ ግን «አዎ፣ ሰፊ ቦታ ትቶልሻል» ብያታለሁ። ቅዳሜ ትመጣለች። እባክህ፣ ከመድረሷ በፊት እውነት እናድርገው።