ሚጢጢ ያላረመችኝ እሑድ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 14 ቀን
ከስፌት ቤት፣ ከሰዓት በኋላ

የሆዴ ልጅ፣ የኔ ዓለም፣

ደህና ነኝ፣ አንቺስ ደህና ነሽ ወይ ብዬ አልጀምርም። ይህችን ጥያቄ በስልክ ስንት ዘመን ስንለዋወጣት ኖረናል። አንቺ "ደህና ነኝ እማዬ" ትያለሽ፣ እኔ "ተመስገን" እላለሁ፣ ከዚያ ስለ ብርዱ አውርተን እንዘጋለን። ዛሬ የምጽፍልሽ አንድ ነገር ልለምንሽ ነው። በስልክ ብነግርሽ ገና ስጀምር "እማዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ" ብለሽ ታቋርጪኛለሽ፤ ደብዳቤን ግን መሀል ላይ ዝም ማሰኘት አይቻልም። ልመናዬን ሳታነቢ በፊት አንድ ቃል ግቢልኝ፤ ልጅሽን፣ የኔን ሚጢጢ፣ እንዳትቆጪያት። ምንም አላጠፋችም።

እንግሊዝኛ መማር ጀመርኩ ስልሽ ስቀሽብኝ ነበር። "በዚህ ዕድሜሽ?" አልሽኝ። ታዲያ ምን ላድርግ? የልጅ ልጄ አማርኛ አታውቅ፣ እኔ እንግሊዝኛ አላውቅ። ስልኩን ስትሰጫት "ሃሎ" ትለኛለች፣ "ሃሎ" እላታለሁ፤ ሳትጠይቀኝ "ፋይን" እላታለሁ፤ ከዚያ እሷም እኔም ስንተነፍስ እንደማመጣለን። ትንፋሿን መስማቱም ደስ ይለኛል፣ ግን በትንፋሽ ብቻ አያት መሆን ከባድ ነው።

የምንማርባት ክፍል ከስፌት ቤቱ ማዶ፣ ከመንጃ ፈቃድ ማሰልጠኛው በላይ ናት። ግድግዳዋ ላይ የመንገድ ምልክቶች ተለጥፈዋል፤ ትምህርቱ ሲጠፋብኝ እነሱን አያለሁ፣ ሳላስበው ሹፌር ሳልሆን አልቀርም። መምህርቷ ያንቺ እኩያ ናት። ስትስቅ ደግሞ እንዳንቺ አፏን በእጇ ትሸፍናለች፤ አንድም ቀን የማልቀረው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ከጎኔ የሚቀመጠው ያ የአባትሽን ፀጉር ይቆርጥ የነበረው ፀጉር አስተካካይ ነው። ምላሱ ዛሬም ከመቀሱ ይፈጥናል።

ግሦቹን ቶሎ ያዝኩ። ያቃጠለኝ መስተዋድዱ ነው። እኛ "ለ"ን፣ "በ"ን፣ "ከ"ን ከቃሉ ፊት ለጥፈን እንሄዳለን። እነሱ ግሡን ካሉ በኋላ አንዲት ትንሽ ቃል ያስከትላሉ፤ የትኛዋ እንደምትከተል ደግሞ በግምት አይገኝም። አውቶቡስ ስትጠብቂ "ዌይት ፎር" ነው። ሙዚቃ ስትሰሚ "ሊስን ቱ" ነው። በሰው ስትስቂ "ላፍ አት" ነው። "ለምን?" ብዬ ብጠይቅ መምህርቷ "እማማ፣ ይሄ ለምን የለውም፤ አብረው ኖረው ተላምደው ነው" አለችኝ። እሺ ብዬ እንደ መጋረጃ መንጠቆ ያዝኩት፤ ለዚህ ዘንግ ይሄኛው ነው፣ ሌላው አይገባም፣ አለቀ። ጨርቅ የምቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ በጠመኔ ግሡን ከነተከታዩ ጽፌ እያየሁ እሰፋለሁ። አንዷ ደንበኛ መጋረጃዋን ልትወስድ መጥታ ጨርቁ ጀርባ ላይ "ዲፔንድ ኦን" ተገልብጦ ታትሞ አገኘች። አራግፌ ሰጠኋት እንጂ ምን እላታለሁ።

ከሁሉ የባሰው "ሉክ" ነው። "ሉክ አት" ካልሽ ማየት ነው፣ "ሉክ ፎር" ካልሽ መፈለግ፣ "ሉክ አፍተር" ካልሽ መንከባከብ። ፀጉር አስተካካዩ ሚስቴን እንከባከባታለሁ ሊል ተነስቶ "አይ ሉክ ፎር ማይ ዋይፍ" ብሎ አረፈው። መምህርቷ "የት ጠፋችብህ?" ስትለው ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሱ ምን ቸገረው፣ "ገበያ እንደወጣች ነው የቀረችው" ብሎ ተቀመጠ። እኔም ስስቅ ሦስቱም ጭንቅላቴ ውስጥ ቀሩ።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ከሚጢጢ ጋር ወሬ ጀመርን። ስለ ጫማዋ፣ ስለወለቀው ጥርሷ። "ሊስን ሚ" ስላት "ቱ ሚ፣ ግራንማ፣ ቱ ሚ" ብላ ትገሥጸኛለች፣ ልክ አንቺ በልጅነትሽ ሳህን አስተጣጠቤን ስታርሚኝ እንደነበረው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሆን ብዬ የምሳሳትበት ጊዜም አለ። ስታርመኝ ድምጿ ይረዝምልኛል።

ያለፈው እሑድ ልብሱን ከማጠቢያው ላውጣ ብለሽ ስልኩን ለሷ ትተሽ ወደ ታች ወረድሽ። ለረጅም ጊዜ ብቻችንን ስንቀር ያ የመጀመሪያችን ነው። እኔ ዓረፍተ ነገር ለመሥራት ያህል ብቻ "ዳዲ የት ነው?" አልኳት። አንቺን ስጠይቅሽ አንዴ ሥራ ላይ ነው፣ አንዴ ተኝቷል ትይኛለሽ። ይሄ ሰውዬ ወይ ይሠራል ወይ ይተኛል፣ መቼ ነው የሚበላው እያልኩ ለብቻዬ እስቅ ነበር። ሚጢጢ ግን አባቷ ሌላ ቤት እንደሚኖር ነገረችኝ። ቤቱ ሊፍት አለው አለችኝ፤ ስትሄድ ቁልፉን እሷ ናት የምትጫነው። ከዘንድሮው ልደቷ በፊት ጀምሮ እዚያ ነው። በልደቷ ቀን እኮ "ኬክ ሊያመጣ ወጥቷል" ብለሽኝ ነበር። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ደግሜ ጠየቅኳት። እንደሚገባኝ አድርጋ፣ ቀስ ብላ ደገመችልኝ።

"ማሚስ?" አልኳት። ሻወር ቤት ገብተሽ፣ ውሃውን ከፍተሽ እንደምታለቅሺ ነገረችኝ። ሶፋው ላይ እንቅልፍ ሲወስድሽ ብርድ ልብስ እንደምትደርብልሽ፣ መብራቱን ወንበር ላይ ወጥታ እንደምታጠፋ። ከዚያ "አይ ሉክ አፍተር ማሚ" አለችኝ። እማዬን የምንከባከባት እኔ ነኝ ማለቷ ነው። ሰባት ዓመቷ ነው እኮ ልጄ።

ይህን ባልማር ኖሮ "የስ፣ የስ፣ ጉድ" ብያት ስልኩን እዘጋ ነበር። አንጀቴን የሚበላኝ እሱ ነው። ከዚህ በፊትስ ስንት ጊዜ ነግራኝ፣ እኔ "ፋይን" ብያት ይሆን?

ከዚያ እሷም አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። አፌ ላይ የመጣውን ሁሉ አወራሁላት። "ፎር" ከ"ቱ" ተደበላለቀብኝ፣ ግማሹንም በአማርኛ ነው ያልኳት። አንዱንም አላረመችኝም። ትመጫለሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ እመጣለሁ አልኳት። ይኼኔ ደረጃው ላይ ኮቴሽ ተሰማ። ስልኩን ተቀበልሽና "ደህና ነሽ እማዬ?" አልሽኝ። እኔም "ደህና ነኝ" አልኩሽ። ልማድ ነው መቼስ።

ለምን ደበቅሽኝ ብዬ አልወቅስሽም። እንዳልጨነቅ ብለሽ ነው። ግን እኔ ሳልጨነቅ የዋልኩበት ቀን አለ? የማላውቀውን ነገር ስጨነቅ ነው የኖርኩት፤ አሁን ቢያንስ ምን እንደምጨነቅ ታወቀ። ናፍቀሽኛል ልጄ። ከሄድሽ በኋላ "አልጋዬን የጨርቅ መደርደሪያ አደረግሽው" ብለሽ ተቆጥተሽኝ ነበር፤ ጨርቁን ሁሉ አንስቼዋለሁ። ከሥራ ስገባ ከሁሉ በፊት የምከፍተው ያንቺን ክፍል በር ነው። ሰው ሲጠይቀኝ አየር እንዲገባው ነው እላለሁ።

እንግዲህ ልመናዬ ይሄ ነው፤ የግብዣ ወረቀቱን ላኪልኝና ልምጣ። ቤቱ ጠባብ ነው፣ ብርዱን አትችይውም፣ ሥራሽስ እንዳትይኝ። ስመጣ ሥራውን አብራኝ የምትሰፋው ጓደኛዬ ትይዝልኛለች። ፓስፖርቴንም እንግሊዝኛውን ስጀምር አውጥቼዋለሁ፤ ፎቶው ላይ የሰው ዶሮ ሰርቃ የተያዘች መስያለሁ፣ ግን እኔው ነኝ። ለመኝታዬ አታስቢ፣ ሚጢጢ ጎን ጥግ ጥጉን እይዛለሁ። ምን ሆነ፣ ማን አጠፋ ብዬም አልመረምርሽም። ሻወር ቤት ገብተሽ ውሃውን ስትከፍቺ በሩን አላንኳኳም። ስትወጪ ፎጣ ይዤ እጠብቅሻለሁ።

ፀጉር አስተካካዩ እህቱን ሊጠይቅ ውጭ አገር ሄዶ ስለነበር ቪዛ ሰጪዎቹ የሚጠይቁትን እያለማመደኝ ነው። "ለምን ትሄጃለሽ ይሉሻል" አለኝ። መልሱን ጠረጴዛዬ ላይ በጠመኔ ጽፌ በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ልጅ ለመንከባከብ ነው እላቸዋለሁ። አንቺም ግብዣው ላይ እንደዚያው ብለሽ ጻፊ። እነሱ ሚጢጢን ይመስላቸዋል። ይምሰላቸው።

ዕንባሽን ያብስልሽ፣ ቤትሽን ሰላም ያድርግልሽ፣ ከወጣሽበት በሰላም ያስገባሽ። ከኔ ዕድሜ ቀንሶ ላንቺ ይጨምርልሽ እንዳልል ለመምጫዬ እፈልገዋለሁ፤ ሌላውን ሁሉ ግን አንቺ ውሰጂው።

እናትሽ፣ መጋረጃ ሰፊዋ

ከዚህ ወረቀት ጀርባ ለሚጢጢ በእንግሊዝኛ ጽፌላታለሁ። ራሷ ታንብበው። መምህርቷ ስህተቱን ላርምልሽ ስትለኝ እምቢ አልኳት፤ እሱ የሚጢጢ ሥራ ነው። አንቺን መንከባከቡን ግን፣ እኔ ስመጣ፣ ለኔ ትተውልኝ።