ውሃ አታሳያት የተባለችው ጀልባ

ውድ አንማው፣

ግራ ገብቶኝ ነው የምጽፍልህ። ለጣና ያዘዝናትን ባለ ሸራ የሽርሽር ጀልባ ልረከብ መጥቼ፣ ሐይቅ በሌለበት ሸዋ ሮቢት አገኘኋት! ሠሪዋ ያሕያ፣ "ፋይበር ግላሱን የምናጣብቅበት ኬሚካል ደብረ ሲና ላይ በብርዱ አልደርቅ አለኝ፤ ቆላ ወረድኩ" ይላል። ይሁን። እኛ ታንኳው እንዲቀልልን ደንገል ስናደርቅ እንከርማለን፤ እሱ ላባ የመሰለች ጀልባ ሠርቶ ሆዷ ሥር ትልቅ ብረት አሰረባት። "ንድፏ ነው፣ እንዳትገለበጥ" አለኝ። እሱንም ዋጥኩት።

ዛሬ መኪና ላይ ልትጫን ስትል ግን የሠፈሩ ሽማግሌ ሼህ ሰዲቅ ዱዓ ሊያደርጉላት መጡ። ጎርፍ ቤታቸውን ከነከብቱ የወሰደባቸው ሰው ናቸው። እጃቸውን ዘርግተው፣ "ያ ረቢ፣ ይቺን ከውሃ ሰውራት፤ ውሃ የሚባል ነገር አታሳያት!" አሉ። ሁሉም "አሚን" አለ። እኔም አብሬ አልኩ!

አሁን ምን ይሻላል? ነገ ይዣት እነሳለሁ። ፖስት ካርዱ ሞላብኝ፤ የእናትህን ጉልበት ሳምልኝ። ወደቡ ላይ ቆመው እሳቸውም አጥብቀው ይመርቋት፣ አደራ። የሼህ ሰዲቅ ዱዓ ከልባቸው ነበር፤ የሚያስፈራኝም እሱ ነው።

ያንተው ምስጋናው