ገመዱን ማን ፈታው

ለውድ እናቴ፣

ይህ ደብዳቤ እጅሽ ሲገባ ጉልበትሽ እንዴት ሆኖ ይሆን? ዝናብ ሲበዛ የሚያብጠው ነገር ዘንድሮ ተሻለሽ? የደረቅ ዓሣ መደብርሽንስ ከፈትሽ ወይስ ጣራው አሁንም ያፈሳል? እኔ በሕይወት አለሁ። “ደህና ነኝ” ብዬ ብጀምር ሁለተኛ ውሸት ይሆንብኛል።

የመጀመሪያው ውሸት ይኸውልሽ። ለመድኃኒት ቤቱ ሥልጠና ሴቡ ሄድኩ ያልኩሽ ጊዜ እዚያ አልነበርኩም፤ ከአርኔል ጋር ነበርኩ። ቦርሳችንን በጀርባችን አዝለን፣ በርካሽ ማረፊያ እያደርን ፓላዋን ደሴት ሄድን። ከዚያ ከኤል ኒዶ እስከ ኮሮን በሸራ ጀልባ የስድስት ቀን ጉዞ ጀመርን። ሳንጋባ አብረን መሄዳችን እንደሚያናድድሽ አውቃለሁ። ተቆጪኝ፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብበሽ ተቆጪኝ፣ ከዚህ የሚብስ አለ።

ጀልባዋ ግራና ቀኝ የቀርከሃ ክንፍ ያላት ባለ ሁለት ሸራ ነች። ባለቤቷ ኢስኮ ይባላሉ፤ ስድሳን ያለፉ ቀልደኛ ሽማግሌ ናቸው፣ ሁሉም እንደ አባት “ታታይ” ይላቸዋል። ገና ስንሳፈር አርኔልን ከላይ እስከ ታች አዩትና፣ “ይቺን ልጅ ከየት ሰረቅካት? እናቷ ከጠየቀችኝ አላየሁም ነው የምለው” አሉት። ሳቅን። ሦስት ቀን ሙሉ ስንስቅ ነበር፣ እማዬ። ጠዋት ሩዝና የተጠበሰ ዓሣ በልተን፣ የአየር ጠርሙስ አዝለን እንጠልቃለን፣ ከሰዓት በኋላ አንቺ መደብ ላይ እንዳለው ዓሣ ፀሐይ ላይ ተሰጥተን እንደርቃለን። አርኔል መጥለቅ ሲያስተምረኝ ትዕግሥቱን ብታዪ! ጆሮዬን ሲያመኝ እስኪለቀኝ ድረስ ውሃው ውስጥ አብሮኝ ይቆማል። ጥር ላይ ለመጋባት የተስማማነውም በሁለተኛው ቀን፣ የጀልባዋ አፍንጫ ላይ እግራችንን አንጠልጥለን ተቀምጠን ነው።

በአራተኛው ቀን በሁለት ደሴቶች መሃል ያለ ጠባብ መተላለፊያ ደረስን። አብሮን የሚጠልቀው መሪ ጆሮውን ስላመመው ታታይ ኢስኮ ዛሬ መጥለቅ የለም አሉ። አርኔል፣ “ሃያ ደቂቃ ብቻ፣ ታታይ” እያለ ለመናቸው። እሳቸውም፣ “እዚህ ቦታ ውሃው ከቀትር በኋላ ፊቱን ያዞራል። ፊቱን ያዞረ ውሃ እንደ አማት ነው፤ ለምነህ አትመልሰውም” አሉት። ቢሆንም በመጨረሻ እጃቸውን አወናጭፈው ፈቀዱለት። አርኔል ወደ እኔ ዞሮ፣ “ፈራሽ እንዴ?” አለኝ። ፈርቼ ነበር። “ማን? እኔ?” አልኩት።

ከታች ያለውን ውበት አልነግርሽም። ትንሽ እንደቆየን ዓሦቹ በሙሉ በአንዴ ፊታቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ አዞሩ። ወዲያው ውሃው ያዘን። ጎርፍ ነው፣ ግን ድምፅ የለውም። አርኔል እኔን ልያዝ ሲል ከኮራል ድንጋዩ ጋር ተላተመ። ለመንሳፈፍ አየር የሚነፋው ጃኬቱ ተቀደደ፣ ቀኝ መዳፉ ተተረተረ። ወደ ላይ ስንወጣ ጀልባዋ የለችም፤ ደሴቱ ከኋላችን ርቆ ቀርቷል። ቀጥሎ ዝናቡ መጣና እሱንም ሸፈነው።

እንዳንለያይ ጠላቂዎች ለምልክት የምንይዘውን የብርቱካናማ ተንሳፋፊ ፊኛ ገመድ በእኔ ቀኝ እጅና በእሱ ግራ እጅ ላይ አሰርኩት። ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ እሱ ጣቶቹን ማጠፍ አልቻለም። ስንት ሰዓት እንደተንሳፈፍን አላውቅም። ጃኬቱ አየር ስለማይዝ ክብደቱ ያረፈው እኔ ላይ ነው። ማዕበል በመጣ ቁጥር እሱ ይሰምጣል፣ ገመዱ እኔን ይስበኛል፣ አብሬው እወርዳለሁ። መጀመሪያ ላይ ያጫውተኝ ነበር፤ “ታታይ የዘገዩት የእኛንም ምሳ እየበሉ ነው” ይለኛል።  ቆይቶ ግን ልጅ ሳለ የሞተበትን ውሻ ስም እየጠራ መቀባጠር ጀመረ። ፍርሃት ምን እንደሆነ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ስለ እሱ አላሰብኩም፣ ስለ አንቺም አላሰብኩም። መላ ሰውነቴ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አየር።

ዝናቡ ገለጥ ሲል ዓሣ አጥማጆች ባህር መሃል አስረው የሚተዉትን የቀርከሃ ርብራብ አየሁ። ሩቅ አልነበረም፤ ግን ውሃው አሳልፎ ሊወስደን ነው። እሱን እየጎተትኩ ዋኘሁ። አልቻልኩም። ደግሜ ሞከርኩ።

እማዬ፣ ገመዱን ፈታሁት።

በራሱ አልተፈታም፣ አልተበጠሰም። በእነዚህ ጣቶቼ ከእጁ አንጓ ላይ ቋጠሮውን ፈታሁት። ተንሳፋፊውንም ይዤው ሄድኩ። ዓይኖቹ ክፍት ነበሩ። “መጣሁ” እንኳ አላልኩትም።

ርብራቡን ጨብጬ ዞር ስል የሚታየው ውሃና ዝናብ ብቻ ነው። ስሙን ጠራሁ፤ የወጣው ድምፅ የእኔ አይመስልም ነበር። ታታይ ኢስኮ ጩኸቴን ሰምተው ሲደርሱ፣ “ልጁስ?” አሉኝ። “ማዕበሉ ለያየን” አልኳቸው። በሸሚዛቸው ጠቀለሉኝና እያለቀሱ ጀልባዋን አዞሩ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አንድ ዓሣ አጥማጅ፣ “ሰው አገኘሁ” ብሎ በሬዲዮ ጠራ። አርኔል ባዶ የአየር ጠርሙሱን ደረቱ ላይ አቅፎ ተንሳፍፎ ነበር፤ ትንፋሹ አልተቋረጠም። ተንበርክኬ ፈጣሪን አመሰገንኩ፣ ከልቤም ነበር። ገና ሳልነሳ ግን አንድ ሐሳብ መጣብኝ፤ ሲነቃ ምን ይላል?

ኮሮን ሐኪም ቤት ሦስት ቀን ሳይነቃ ቆየ። እናቱ ከባኮሎድ መጡ። “አንቺ ነሽ ያተረፍሽልኝ፤ አንቺ ባትጮኺ ማን ይፈልገው ነበር?” ብለው ሁለት እጄን አገላብጠው ሳሙኝ። እነዚያን እጆች፣ እማዬ።

በነቃ ማግስት አንድ የባህር ጠባቂ መኮንን ደብተሩን ይዞ መጣ። “ስትገኚ እጅሽ ላይ ገመድ ነበር። ታስራችሁ ከነበረ እንዴት ተለያያችሁ?” ብሎ ጠየቀኝ።  ከአልጋው ላይ አርኔል በሻከረ ድምፅ፣ “እኔ ነኝ የፈታሁት” አለ። “ሁለታችንም ከምናልቅ ብዬ ነው። እሷ እምቢ ብላ ነበር፤ ሂጂ ብዬ ገፋኋት።” መኮንኑ ጻፈ። እናቱ፣ “የኔ ጀግና!” እያሉ ግንባሩን እየሳሙ አለቀሱ። እኔ ኮሪደሩ ድረስ ወጥቼ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ብቻችንን ስንቀር፣ “የምታስታውሰው እውነት እንደዚያ ነው?” አልኩት። “ያን ሁሉ ጨው ውሃ ጠጥቶ ማን ያስታውሳል? ይልቅ ማንጎ ላጪልኝ” አለኝ። ላጥኩለት። በግራ እጁ በላው። የቀኝ ጣቶቹን የሚያጥፈው ጅማት ያን ቀን ድንጋዩ ላይ ተቆርጦ ነበር። ሐኪሙ ሰፍቶለታል፤ ማንኪያ ለመያዝ ግን ገና ወራት ይፈጅበታል።

ከዚያ ወዲህ ይቀልድልኛል፣ የሠርጉን ድግስ ያወራልኛል። ትናንት ፀጉሩን ላበጥርለት ስጠጋ ገመዱ የነበረበትን ግራ እጁን ብርድ ልብሱ ሥር አስገባ። ሳያስበው ይሆናል። ቢቆጣኝ፣ ቢያባርረኝ ያንቺ ቤት አለልኝ፣ እመጣለሁ። ሲስቅልኝ ግን ወዴት እሸሻለሁ? እኔ ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ ያየ ሰው ቢኖር እሱ ነው፤ እሱ ደግሞ ላግባሽ ይላል። እሱን እፈራለሁ። ከእሱ ይልቅ ራሴን እፈራለሁ፤ ያ ቀን ቢደገም የተለየ ነገር አደርግ እንደሆነ አላውቅምና።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሦስታችንም በመርከብ ኢሎኢሎ እንገባለን። እናቱ ገና ደጃፍሽ ላይ ሆነው ታሪኩን መተረክ ይጀምራሉ፣ ጎረቤቱም ይሰበሰባል። ስሚያቸው፣ አታቋርጫቸው። እሳቸው ሲያወሩ ግን ወደ እኔ አትይ።

እድሜና ጤና ይስጥልኝ። ጉልበትሽን ያበርታልሽ፣ ከክፉ ይሰውርሽ። የጸሎት መቁጠሪያሽን ስታነሺ መጀመሪያ የአርኔልን ስም ጥሪለት፣ የእኔን ከተረፈሽ።

እግርሽን የምትስመው
ልጅሽ

ይህን ከፖስታው ጀርባ ላይ ነው የምጽፈው። ደብዳቤውን ፖስታው ውስጥ ከትቼ፣ ሳላሽገው አልጋው አጠገብ አስቀምጬ ሩዝ ልገዛ ወጥቼ ነበር። ረስቼው ነው ብል አታምኚኝም። ስመለስ ታሽጎ አገኘሁት። እኔ ያልጻፍኩት አድራሻሽ ደግሞ በግራ እጅ፣ በተንጋደደ ፊደል ተጽፎበታል። አርኔል ዓይኑን ከመስኮቱ ሳይነቅል፣ “ፖስታ ቤቱ በአሥር ሰዓት ይዘጋል፤ ቶሎ በይ” አለኝ።