የወይዘሮ ዘርፉ ወዬሳ ሁለተኛው ድስት

ወይዘሮ ዘሃራ ይቅር ብለዋቸው ይሆን? የአክስቴን የወይዘሮ ዘርፉን የሕይወት ታሪክ ለመጻፍ ስቀመጥ ከልደታቸው በፊት የመጣብኝ ይህ ጥያቄ ነው። መልሱን አላውቅም፤ እሳቸውም ሳያውቁት ዐርፈዋል። ስለዚህ የማውቀውን በየዘመኑ አስቀምጣለሁ።

ወይዘሮ ዘርፉ ከአባታቸው ከአቶ ወዬሳ ገርባና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቡዜ ሆራ በ1874 ዓ.ም. በቦሰት ተወለዱ። ፊደል አልቆጠሩም። የቤት ሙያ ከእናታቸው ተምረው ገና በልጅነታቸው በአንድ ባላባት ግቢ የድግስ ወጥ የሚሠሩ ሴቶችን ማገዝ ጀመሩ። በ1890 ዓ.ም. አቶ መርዳሳን አግብተው ሦስት ልጆች ወለዱ፤ አንዱ በሕፃንነቱ ሞተባቸው። ባቡር አዳማ በደረሰ ጊዜ አቶ መርዳሳ በጣቢያው የዘበኝነት ሥራ ስላገኙ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ከተማዋ ገቡ። ጎረቤቱ ሁሉ በኦሮምኛው የአክብሮት መጠሪያ አዴ ዘርፉ ይላቸው ነበር።

የበዓል ዶሮ ወጣቸው ስም ነበረው። ብልቱን በጨውና በሎሚ ደጋግመው ያጥባሉ፤ ውኃው ጠርቶ ካልወረደ አይጥዱትም። ሽንኩርቱን ያለ ቅቤ በደረቁ ሲያቁላሉ ውኃው መጥጦ እስኪያልቅ ከምድጃው አይነሡም። ልጃቸው አማረች ቸኩላ እንጨት ስትጨምር፣ ሽንኩርት በእሳት ብዛት እንደማይታለል ነግረው እንጨቱን መልሰው ያወጡት ነበር። በርበሬው ጥቂት በጥቂት ይገባል፤ ቅቤው የሚከተለው የበርበሬው ጥሬነት ሲለቅ ነው፤ መከለሻው ወጡ ሊወጣ ሲል።

በዓል በመጣ ቁጥር የሚጥዱት ሁለት ድስት ነበር። ክርስቲያን እስላም ያረደውን፣ እስላምም ክርስቲያን ያረደውን ስለማይበላ፣ ሁለተኛው ድስት የእስላም ጎረቤቶቻቸው ነው። ለዚያ ድስት የሚሆነውን ዶሮ ነጋዴው አቶ ራህመቶ በቤታቸው አርደው ይልኩ ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘሃራ ደግሞ በዒድ ለወይዘሮ ዘርፉ እንዲሁ ለይተው ያበስላሉ። ሁለቱ ሴቶች እንደ እህትማማች ነበሩ።

በ1920 ዓ.ም. ፋሲካ የአቶ ራህመቶ ዘመዶች ከወሎ መጥተው ነበር። ክርስቲያን ቤት መብላቱን ሲፈሩ ወይዘሮ ዘሃራ ኃላፊነቱን በራሳቸው ላይ አድርገው ይዘዋቸው መጡ። በዚያ ሁሉ ግርግር ወይዘሮ ዘርፉ የክርስቲያኑን ድስት ጨው ቀምሰው፣ በዚያው ጭልፋ ሁለተኛውን ድስት አማሰሉ። ያየ ሰው አልነበረም። እንግዶቹ ታጥበው፣ ወጡ ወጥቶ ሊጎርሱ ሲሉ ወይዘሮ ዘርፉ ከፊታቸው ቆሙ።

“እጃችሁን ሰብስቡልኝ። በጭልፋዬ ተሳስቻለሁ፤ ድስቶቹ ተነካክተዋል” አሉ።

እንግዶቹ አመስግነው ተነሡ። ወይዘሮ ዘሃራ ቀና ብለው ሳያዩ ተከተሏቸው። በማግሥቱ ወይዘሮ ዘርፉ ይቅርታ ሊጠይቁ ሄዱ። ወይዘሮ ዘሃራ ምንጣፍ አንጥፈው በደንብ ተቀበሏቸው፤ ሲሸኟቸው ግን በሩ ላይ እንዲህ አሉ፦ “ዘርፉዬ፣ አልተቀየምኩሽም። ከእንግዲህ ግን ቤትሽ ስበላ ዓይኔ ከጭልፋሽ አይነቀልም። እንደዚያ ሆኖ ደግሞ አይበላም።”

ሌላ ሰው ቢሆን ሁለተኛውን ድስት ይተው ነበር። እሳቸው ክረምቱን ሁሉ ሲያስቡበት ከርመው ለ1921 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ አዲስ ሥርዓት አወጡ። የሁለተኛው ድስት ጉልቻ ከወጥ ቤት ወጥቶ ሰው ሁሉ በሚያየው ግቢ ተተከለ። የቀድሞው ድስት ተጥሎ አዲስ ተገዛ። ጭልፋውም ሁለቱ እንጨት መሆናቸው ቀርቶ፣ ዓይን ባያይም እጅ እንዲለየው የሁለተኛው ድስት የቅል ሆነ። ምድጃውን ጎረቤታቸው ሰሊማ ይዛ፣ እሳቸው ራቅ ብለው በርጩማ ላይ ተቀምጠው በጠረኑና በፍላቱ ድምፅ ብቻ ያዝዟት ጀመር።

“አዴ፣ ጨውንም በአፍንጫዎ ሊቀምሱት ነው?” ትላቸው ነበር ሰሊማ።

የአቶ መርዳሳ ወንድም አቶ ፈዬራም አላስቀመጧቸውም፤ ከእንግዲህ ለየሰዉ በስሙ ድስት ሊጣድ ነው ብለው ቀለዱ። ወይዘሮ ዘርፉ ሳይስቁ “ለአንተማ ጋኑን እጥድልሃለሁ” አሏቸው።

የእስላም ጎረቤቶቻቸው አንድ በአንድ ተመልሰው በሉ። ወይዘሮ ዘሃራ ግን ያን ጉልቻ አላዩትም። አቶ ራህመቶ ለንግድ ብለው በነሐሴ ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ አቦምሳ ሄደው ነበር።

እኔ በ1923 ዓ.ም. ከባሕር ማዶ ትምህርት ቤት ስመለስ ስለ ጭልፋው ብዙ ተከራከርኳቸው። ሥጋው ያው ሥጋ ነው አልኳቸው። እሳቸውም ስለ ሥጋው እንዳልሆነ፣ ዘሃራ በባሏ ዘመዶች ፊት ዋስ ሆናላቸው እንዳፈረች ነገሩኝ። ስለ ጭልፋው ዛሬም ልቤ አልተቀበለም፤ ስለ ዋሱ ግን እውነታቸውን ነበር።

በ1925 ዓ.ም. መስከረም ወባ ያዛቸው። ቢሻላቸውም ተመልሶ ጣላቸው። በኅዳር የበቅሎ ነጋዴው አብዱናሲር ወደ አቦምሳ ሊወርድ ሲሰናበታቸው ደግፈን አስቀመጥናቸው።

“ለዘሃራ እንዲህ በላት፦ ድስትሽ ተለይቶ አለ። ለገና ነይ። ዶሮውን ራህመቶ ይረድ፤ ጭልፋውን አንቺ ያዢ።”

አብዱናሲር ተመልሶ ወይዘሮ ዘሃራ ቃሉን ቆመው እንደሰሙ፣ ድገምልኝ ብለው ሁለተኛ እንደሰሙና ወደ ጓዳ እንደገቡ ነገረን። ወይዘሮ ዘርፉም “ድገምልኝ ካለች ደህና ነው” ብለው የቅሉን ጭልፋ አሳጥበው አሰቀሉት። ገና ሳይደርስ ታኅሣሥ 12 ቀን 1925 ዓ.ም. ዐረፉ፤ በደብራችንም ተቀበሩ።

ባለቤታቸውን አቶ መርዳሳን፣ ልጆቻቸውን ሰንበታንና አማረችን፣ እኛንም ዘመዶቻቸውን ትተው ሄደዋል። ስንቱን እንግዳ አስቀምጠው ያበሉትን እናት፣ አምላክ በመንግሥቱ ማዕድ ያስቀምጣቸው።

ለዛሬው የአርባ ቀን ተዝካር የሚጠራ መልእክት በአብዱናሲር በኩል እንደገና ወደ አቦምሳ ልከን ነበር። ዶሮውን አላሳረድንም፤ አቶ ራህመቶን እየጠበቅን ነው። ድስቱ በግቢው ጉልቻ ላይ ባዶውን ተቀምጧል፤ የቅሉ ጭልፋም ታጥቦ ከጎኑ ተሰቅሏል። ሰሊማ ከጠዋት ጀምሮ እሳቱን እያቆየች ነው። ከአቦምሳ ግን ሰውም ቃልም አልመጣም።