አባባ ቁጭበሉን ቁጭ ብለን ስናሻግር

አባታችን ከሐይቁ ማዶ፣ ዛሬ መልሰን በምንወስዳቸው ዳርቻ፣ ከመረብ ሠሪው አባታቸውና ከልብስ አጣቢዋ እናታቸው በ1941 ዓ.ም. ተወለዱ። የመዝገብ ስማቸውን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ትንሽ ትልቁ የሚጠራቸው አባባ ቁጭበሉ እያለ ነበር። ስሙ እንዴት እንደወጣላቸው ሳይነገር ደግሞ የሕይወት ታሪካቸው ተነገረ አይባልም።

ትምህርት ቤቱ ከሐይቁ ወዲህ ስለነበር ፊደል የቆጠሩት በጀልባ እየተመላለሱ ነው። ስምንተኛ ክፍልን እንደጨረሱ ደብተሩን ትተው መቅዘፊያ ጨበጡ። ያኔ ፍርሃት የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም። ከሰዓት በኋላ ከተራራው የሚወርደው ብርዳም ነፋስ ውሃውን ሲያናውጠው ሌሎቹ ቀዛፊዎች ጀልባቸውን ያስራሉ፣ እሳቸው ይዘፍናሉ። መንሳፈፊያ ሰደርያውንም ደረታቸው ላይ በማሰር ፈንታ አጣጥፈው ይቀመጡበት ነበር አሉ።

በ1963 ዓ.ም. በብርዱ ወራት ግን ዘፈናቸው ቆመ። ጀልባቸው ሞልታ ከወደቡ ልትነሣ ስትል የሰፈሩ አዋላጅ ከኋላ ደረሱ። ከተሳፋሪው አብዛኛው በእኚህ ሴት እጅ የተወለደ ነው። አንድ እግራቸውን ወደ ውስጥ ሲያስገቡ ጀልባው ሙሉ ሰው በአንድ ድምፅ «ኖር!» ብሎ ብድግ አለ። ቦታ ሊለቅላቸው ነዋ! ነፋሱም ያንኑ ጊዜ ጎኗን መታት፤ ተገለበጠች። የአባታችን ታናሽ ወንድም እንደ ዓሣ የሚዋኝ ልጅ ነበር። አዋላጇን እየገፋ ወደቡ ላይ ላሉት ሰዎች አቀበላቸው። ከዚያ በኋላ ብርዱ እጅ እግሩን አሰረው፣ አባታችን እጁን ሊይዙት ጥቂት ሲቀራቸው እያዩት ሰመጠ። ሌላው ሁሉ ተረፈ፤ የእሱ አስከሬን ግን ወጥቶ ማዶ ተቀበረ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አባታችን ፈሪ ሆኑ። ይህን አንደብቅም፤ እሳቸውም ደብቀውት አያውቁም። ሰደርያውን ያላሰረ ሰው ማንም ይሁን ማን አያሳፍሩም። የሚገባው አንድ በአንድ ነው፤ ጎንበስ ብሎ፣ መሃል መሃሉን ረግጦ፣ ከዚያም ወለሉ ላይ ቁጭ። «ቁጭ በሉ!» ሲሉ ስለሚውሉ ስሙም ከዚሁ ወጣላቸው። ጀልባዋ ብትገለበጥ እሷኑ ሙጭጭ ብሎ መያዝ እንጂ ወደ ዳር ልዋኝ ማለት በእሳቸው ዘንድ የለም። ነፋሱ ከተነሣ ዳኛም ቢመጣ ሙሽራም ቢመጣ «ዛሬ አይሆንም» ብለው ገመዳቸውን ያስራሉ። ጉዞው የቀረበት ሰው ፈሪ ብሎ ሲሰድባቸው፣ እሰይ፣ ተሳዳቢዬ በሕይወት አለ እያሉ ወደ ቤታቸው ይገቡ ነበር።

በ1967 ዓ.ም. ልብስ ሰፊዋን እናታችንን አገቡ። የተዋወቁትም እዚያው ጀልባ ላይ ነው። ቁጭ በይ ቢሏቸው፣ እኔማ ቁጭ ብያለሁ፣ የቆምከው አንተ ነህ ብለው መለሱላቸው። ሁለት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ። የሰደርያዎቹን ማሰሪያ ሁሉ በወፍራም ክር ደጋግመው የሚሰፉት እናታችን ነበሩ።

ታዲያ አንድ ቀን አማታቸው ሊሳፈሩ መጡ። አባታችን ሰውን ሁሉ አስቀምጠው ሲያበቁ ራሳቸው መቅዘፊያቸውን እንደያዙ ለአማታቸው ብድግ አሉ! ጀልባዋ አዘነበለች፣ ውሃ ገባ። እናታችን ኮታቸውን ጨምድደው ጎትተው አስቀመጧቸው። ተሳፋሪው በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው ግን ማዶ ሲደርሱ ጣቶቻቸው ከመቅዘፊያው አልላቀቅ ብለው ነበር። ማታ ለእናታችን እንዲህ አሏቸው፦ «ነፋሱንስ ሲመጣ አየዋለሁ። እግሬን ነው የማላምነው።» ከዚያ በኋላ ትልቅ ሰው ሲሳፈር ሁለት ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ተጭነው ይይዙ ነበር።

ባለፈው ዓመት ሳንባቸውን ታመው ሆስፒታል ገቡ። ሐኪሙ ሲገባ ሁላችንም ስንነሣ ካልጋቸው ሆነው ቁጭ በሉ ሲሉ ሐኪሙም ደንግጦ ተቀመጠ። በስተመጨረሻ ታላቅ ልጃቸውን ጠርተው ማዶ፣ ከወንድማቸው ጎን እንድታስቀብራቸው ለመኗት። ከዚያም «እኔን ወደ ጀልባዋ ስታስገቡ ሰው እንዳይነሣ። እሱን ፈርቻለሁ» አሏት። ቃል ገባችላቸው። ትናንት ማክሰኞ ንጋት ላይ አረፉ።

አባታችን ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ነፋስ በማይደርስበት ቦታ፣ ከወንድማቸው ጋር ያሳርፍልን፤ ለእናታችንም ብርታቱን ይስጥልን።

ይህን የጻፈችው ታላቅ ልጃቸው ናት፣ ፈርታለችም። ነፋሱ ከተነሣ ነገ እንቀብራቸዋለን፣ እሳቸው እንደሆኑ መጠበቅ ያውቁበታል። የምትፈራው እግሯን ነው። የአባቷን አስከሬን መምጣት አልጋዋ ላይ ሆና እንኳ ስታስበው ብድግ ብድግ ይላታል። የእናንተም እግር እንደዚያው እንደሚሆን ታውቃለች። ስለዚህ እዚህ መሬት ላይ ቆመን የፈለግነውን ያህል እናልቅስላቸው። ከዚያ ሰደርያችንን አስረን፣ አንድ በአንድ ገብተን፣ ጉልበታችንን በእጃችን እንያዝ። አባባ ቁጭበሉ ሲገቡ እባካችሁ ማንም አይነሣላቸው።